ቆጥ ላይ የቆየው ፑሊ

ፑሊው ከዘንጉ ሲወጣ ባለ ወፍጮው ጎንበስ ብሎ ጆንያ ይፈታ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከፊቴ ሁለት ሴቶች አሉ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቆይቷል። ከዘወትሩ ጉርምርምታ ሥር ቀጭን፣ ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ይሰማኝ ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ልጻፈው፤ ሰምቼ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ እንደ ጅራፍ ጮኸና ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ ገነጠለ። ከዚያ ፑሊው መሬት ነክቶ ነጠረ። የትልቅ ሰሐን ያህል ነው፤ ወንድሜ ያቀለጠው፣ እኔ እንዲህ አድርገው ያልኩት አሉሚኒየም። ባለ ወፍጮውን ከግራ ክርኑ በላይ መታው፣ አልፎት ሄዶ የጭቃውን ግድግዳ በረቀሰና እዚያው ተሰነቀረ። አጥንት ሲሰበር እንደ እርጥብ እንጨት አይንቋቋም፤ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው።

«ሞተሩን! ኧረ ሞተሩን አጥፉት!» አለች አንዷ ሴት። ሌላዋ ነጠላዋን ቀድዳ ክንዱን ከላይ አሰረችው። ዱቄቱ እግራችን ሥር ቀልቶ ይቦካል። ሰውየው ግን አልጮኸም። «እጄ የት አለ?» ብቻ ይላል፣ ደጋግሞ። እጁ እዚያው ነበር፣ በቆዳ ተንጠልጥሎ። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ቆረጡለት።

ወንድሜ ቦንጋ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ነው። የተሰበረ የባጃጅ ሞተር፣ ያለቀ ፒስተን፣ አሮጌ ካርቡራተር፣ የተቀደደ ድስት ይገዛል፤ አቅልጦ የወፍጮ ፑሊ፣ ጭልፋ፣ የበር እጀታ ያወጣል። አባታችን ሲሞት እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። በሳምንቱ ወንድሜ ደብተሬን ከእጄ ነጥቆ ምድጃ ውስጥ ከተተውና ወናፉን አስጨበጠኝ። «ይኸው ትምህርትሽ፤ ንፊ!» አለኝ። እምቢ ስል በጉጠቱ ጀርባ መታኝ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ሥር አለ። ክፉ ሰው ነው ለማለት አይደለም። በዚያች ምድጃ አምስት ነፍስ አብልቷል። በእኛ ቤት ግን ነገር የሚነገረው በእጅ ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመቴ ካቆምኩበት ጀመርኩ፤ አምስተኛ ክፍል፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጋር በአንድ ወንበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የክፍሌ ተማሪዎች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። ፊዚክስ መረጥኩ። ወንድሜ «ፕሮፌሰሯ መጣች፣ ወናፉን አቀብሏት» እያለ በሰው ፊት ይስቅብኛል። እኔም ወናፉን እቀበላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የነፋሁት ነገር እሳቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ አስተማሪያችን ስለ ብረታ ብረት የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አዋሰኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ ምዕራፍ በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። ምዕራፉ ስለ አሉሚኒየምና ዚንክ ነው። ካርቡራተር አብዛኛው ዚንክ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ቀልጦ የሚፈሰው እንዲቀጥን ብሎ ሳያውቀው ዚንክ ሲጨምር ኖሯል። ያ ምዕራፍ የእኛ ምድጃ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሉሚኒየሙ በኃይል ሲግል ዚንኩ ውስጡ ይሟሟል፤ ማር በሙቅ ውሃ እንደሚሟሟው። በቀስታ ቢቀዘቅዝ ዚንኩ ተለይቶ ይወጣል። ከነትኩሳቱ ውሃ ውስጥ ቢወረወር ግን ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ በቆመበት ይያዛል። ከሱ ጋር ብዙ ባዶ ቦታዎችም አብረው ይታሰራሉ። ብረቱ በዚያ ሰዓት ለስላሳ ነው፣ ሞረድ እንደ ቅቤ ይገባዋል። ግን ውስጡ አላረፈም። የታሰሩት የዚንክ አቶሞች በባዶዎቹ ቦታዎች በኩል እየሾለኩ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ፤ ዓይን የማያያቸው፣ ተራ አጉሊ መነጽርም የማይደርስባቸው ክብ ክብ ኳሶች ይሠራሉ። መጽሐፉ አራት ፎቶ ነበረው። በመጀመሪያው ኳሶቹ እንደ ጤፍ ተበትነዋል። እያንዳንዷ ኳስ በዙሪያዋ ያለውን አሉሚኒየም ትወጥረዋለች፤ ብረቱ ሊታጠፍ ሲል በየደረሰበት ትይዘዋለች። ጥንካሬው ከዚያ ይመጣል። በሁለተኛው ኳሶቹ አድገው ጠፍጠፍ ማለት ጀምረዋል፣ ሰው የረገጠው ብርቱካን ይመስላሉ። በሦስተኛው ጠፍጣፋ ገበታ ሆነዋል፤ ቁጥራቸው አንሷል፣ በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ ተከፍቷል። በአራተኛው ከአሉሚኒየሙ ጋር የነበራቸውን መስመር በጥሰው ራሱን የቻለ ዚንክ ሆነዋል። ያኔ የሚይዘው የለም፤ ብረቱ ይላሽቃል።

ከፎቶዎቹ ሥር ጥንካሬውን የሚያሳይ መስመር ተስሏል። እንደ ኮረብታ ይወጣና ይወርዳል። ቁልቁለቱን አላየሁም ብዬ መዋሸት እችል ነበር። አይቼዋለሁ።

ወንድሜን በስንት ልመና አሳመንኩት። ሠርቶ የጨረሰውን አንድ ፑሊ መልሰን አጋልነው፤ ሙቀቱ መድረሱን እንዲነግረን ላዩ ላይ ያሰመርንበት ሳሙና ሲጠቁር አውጥተን በርሜል ውሃ ውስጥ ወረወርነው። ውሃው እንደ ተወጋ በሬ አጓራ፣ ፊታችን ላይ ተረጨ። ለስላሳ ሳለ በዘንጉ ላይ የሚያስረው ቁልፍ የሚገባበትን ቦይ ሞረደው፤ ከዚያ መሬት ላይ ትተነው ከረምን። በሳምንቱ በመዶሻ ሞከረው። መዶሻው ነጠረ። ወንድሜ መዶሻውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ወናፉን ለሌላ ሰው ሰጠ።

ክረምቱ ሲቃረብ ባለ ወፍጮዎች ተጣደፉ። «ሳምንት ሙሉ መሬት ላይ የሚተኛ ፑሊ ማን ይጠብቃል?» አለኝ ወንድሜ። ሙቀት ያፋጥነዋል አልኩት፤ ይህ እውነት ነው። ከምድጃው በላይ ቆጥ አለ፤ እናታችን በሕይወት ሳለች ዘር በቆሎ ትሰቅልበት ነበር፣ እኛም እንሰቅልበታለን። ጢሱ ነቀዝ ያባርራል፣ ሙቀቱ እርጥበት ያባርራል። በእኛ አገር ቆጥ ላይ ያለ ነገር አይበላሽም፤ በቆየ ቁጥር ይሻላል።

«ስንት ቀን ይቀመጥ?» አለኝ።

«ገዢ እስኪመጣ ይቆይ። ሲቆይ ይጠነክራል፣ እንደ ዘር በቆሎ።»

የሰረዝ ስህተት የማላልፍ ሴት፣ የሌላውን ተማሪ ቁጥር ሦስቴ የምደምር ሴት፣ ያን ቆጥ አልለካሁም። ከላብራቶሪ ሙቀት መለኪያ መዋስ እችል ነበር። ያ ቆጥ ግን ወጥ የሚሠራበት ጉልቻ ላይ አይደለም ያለው፤ ቀኑን ሙሉ አሉሚኒየም በሚቀልጥበት እሳት ላይ ነው። ፑሊዎቹ ኮረብታውን ወጥተው፣ ማዶውን ወርደው፣ ለሳምንታት ቁልቁል ሲሄዱ እኛ ከሥራቸው ምሳ እንበላ ነበር።

ባለ ወፍጮው እጁን ባጣ ማግስት ሁለት ወንድሞቹ ገጀራ ይዘው መጡ። ነገሩ ሁሉ የሆነው በካፍኛ ነው፤ እኔ የምጽፈው በተማርኩበት ቋንቋ ነው። ታናሹ በርሜሉን ገለበጠ፣ የአሸዋ ቅርጾቹን በእግሩ ደረመሳቸው። ታላቁ ደግሞ የእኔን ወንድም አንገቱን ይዞ አንበረከከውና ቀኝ እጁን የምንቀጠቅጥበት ጉማጅ ብረት ላይ አጋደመው።

«ይኼ ነው ያቀለጠው? ይኼ እጅ?»

«ይኼ ነው» አለ ወንድሜ።

«ማን አዘዘህ? ማን አሳየህ እንዲህ ያለ የተረገመ ሥራ?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ከብረቱ ላይ ሆኖ አየኝ፤ ደብተሬን ያቃጠለ ቀን ያየኝን ዓይነት ነው። «እኔው ነኝ። ብቻዬን ነኝ» አለ። «አንቺ ውጪ ከዚህ!»

ገጀራው ወረደ። ወንድሜ እጁን ስቦት ነበርና የወሰደው የትንሿን ጣት ጫፍ ነው። ጫፏ ከሰሉ ውስጥ ወደቀች። ታላቁ እንደገና ሲያነሳ፣ ከማንኪራ ማር ይዘው ወደ ገበያው የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ከነቅላቸው ገብተው ዱላቸውን በመሐል አጋደሙ።

«ደም ወጥቷል፤ ለዛሬ ይበቃል» አሉ። «የቀረውን እጅ የምትፈልገው ከሆነ በሽማግሌ ፊት ጠይቅ። ወንድምህ ከሆስፒታል እስኪወጣ ማንም ማንንም አይነካም።»

«እሺ አባቴ። ያን ቀን ግን እጁን ይዤው ነው የምሄደው» አለ ታላቁ። የሚዝት ሰው አይመስልም፤ ዕቃ ገዝቶ ኋላ እወስደዋለሁ እንደሚል ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

ወንድሜ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ማታ እንዲህ አለኝ፦ «አንዲት ቃል ከአፍሽ ብትወጣ እኔው ነኝ የምገልሽ። ሊመረቅ ወር የቀረው ሰው አለ በዚህ ቤት።»

ባለ ወፍጮው ከሆስፒታል እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ነበረኝ። ከተሰነቀረበት ግድግዳ ፑሊውን ነቅዬ አመጣሁ። የቁልፉ ቦይ አፉን ከፍቷል፤ ብረቱ እንደ ጭቃ ተገፍቶ ወደ ጎን ተከምሯል። የብረት ቁልፉ ለስላሳውን አሉሚኒየም ሲያላምጠው ከርሞ ነው ያመለጠው፤ የሰማሁት የጥርስ ማፋጨት እሱ ነበር። ከእሱ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቅልጥ የተሠራ ሌላ ፑሊ ከጠረጴዛው ሥር ተረስቶ ቆጥ ሳይወጣ ከርሟል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ከኩሽኔታ የብረት ብይ አውጥቼ፣ በቧንቧ ውስጥ ከአንድ ሜትር ከፍታ በአንድ ዓይነት ክብደት እየመታሁ ጉድጓዱን በካሊፐር ለካሁ። አሥር አሥር ጊዜ። የቆጡ ፑሊ ጉድጓድ በሁሉም ሰፋ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። አንድ ጊዜ እንዲሳሳት ምን ያህል እንደተመኘሁ እኔ አውቃለሁ።

በእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ባለ ወፍጮው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ባዶ እጅጌው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ታላቁ ገጀራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ወንድሜ መሐል ቆሞ ቀኝ እጁን በግራው ይዞታል፤ ሊሸኘው የመጣ ዘመድ ይመስላል።

እኔ ሁለቱን ፑሊ በጆንያ ተሸክሜ ገባሁ።

«ልጄ፣ ምን ይዘሽ ነው?» አሉ የማንኪራው ሽማግሌ።

«ያ ሰው የተመታበትን ነው አባቴ። የሆነውን ልናገር።»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ!» አለ ወንድሜ።

«ይቺ ትናገር» አሉ ሽማግሌው። «እጅህ አንተው ላይ ነው፣ የትም አይሄድም፤ ቆይ።» አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

ስለ አቶም ልነግራቸው አልቻልኩም። ለማር ሰዎች በማር ነገርኳቸው። «አዲስ ማር ጥርት ብሎ ይፈሳል። ሲቆይ ውስጡ ደቃቅ ፍሬ ያወጣል።»

«ይረጋል» አሉ ሽማግሌው።

«ያኔ ማንኪያ ይገባዋል?»

«ያታግላል። ቅሉን ብትገለብጪው አይወርድም።»

«ፀሐይ ላይ ብትረሱትስ፣ ደጋግሞ እየሞቀ እየቀዘቀዘ?»

ሽማግሌው ፑሊውን አዩት። «ፍሬው ይተልቃል፣ እንደ አሸዋ ይሆናል። ውሃው ይለያል። ከዚያ አይያያዝም፤ ይፈሳል።»

«የዚህ ብረት ፍሬም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ደቃቅና ክብ ነበር፤ ያኔ ጠንካራ ነው። እሳት ላይ ሲረሳ ጥቂት ትልልቅ ሆነ፣ ተጠፈጠፈ፣ ተለየ።»

«ታዲያ የወንድሜን እጅ ማር ቆረጠው በሉና እንገላገል!» አለ ታናሹ፤ ተነሣ። «ማነው እሳት ላይ የረሳው? እሱን ነው የምንጠይቀው!»

«እኔ ነኝ። ቆጥ ላይ ስቀለው፣ ገዢ እስኪመጣ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ስንት ቀን ብሎ ጠይቆኛል።»

ወንድሜ ደርሶ በዚያው በቆሰለው እጁ አፌን መታኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ የሱ ጣት ደግሞ እንደገና ፈነዳ። ማን እንደሚደማ ለይቶ ማወቅ አልተቻለም። «መጽሐፍ ያሳበዳት ናት! አትስሟት! ትዋሻለች!» እያለ ይጮኻል። ሰዎች ያዙት። እኔ በደሙ ውስጥ ቀጠልኩ። የተሰቀለበትን ቀን ተናገርኩ፣ የወረደበትን ቀን ተናገርኩ፣ ጉድጓዶቹን የለካሁበትን ወረቀት ዘረጋሁ። ማንም ወረቀቱን አላየም። ሁሉም የሚያየው ገጀራውን ነው።

ባለ ወፍጮው ቀና አለ።

«ከዚያ ቆጥ የወረደ ሌላ አለ?»

ይህን የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። እኔም ብሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ የወንድሜን እጅ ብቻ ሳስብ፣ ይህን ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ አላልኩትም ነበር።

«አንድ» አልኩ። «ዋጫ ከተማ፣ ወፍጮ ቤት።»

«ዛሬ ይሠራል?»

«ገበያ ነው። ይሠራል።»

በሚኒባስ ተጠቅጥቀን ሄድን፤ ገጀራውም ከእኛ ጋር። የዋጫው ባለ ወፍጮ «ምን ሆናችሁ፣ ሰው ወረፋ ይዟል!» እያለ ሲከላከል፣ ታናሹ ገፍትሮት ሞተሩን አጠፋ። ወንድሜ ፑሊውን ፈታው። ቦዩ አፉን መክፈት ጀምሯል፤ ትንሿ ጥፍሬ ገባችበት። ታናሹ መዶሻ ተቀብሎ ደጁ ላይ ወረደበት። ፑሊው አልተሰበረም፣ እንደ ቆርቆሮ ድስት ታጠፈ። ያን ጊዜ እኔ ቆጥ ያልወጣውን ፑሊ ከጆንያው አውጥቼ ፊቱ አኖርኩ። «ይኼንንም ምታው።» ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። መዶሻው ነጥሮ ግንባሩን ሊለው ሲል ለጥቂት ሳተው። እንደገና መታው። ደጋግሞ መታው፣ እስኪያለቅስ ድረስ። ታላቁ ወንድሙ መጥቶ መዶሻውን ከእጁ ወሰደ።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት በማግስቱ ነው። የወንድሜ እጅ አይቆረጥም፤ ይሥራ። ከዚህ መኸር እስከሚመጣው መኸር ባለ ወፍጮው ያጣው ክንድ እሱ ይሁን፤ ጆንያ ያንሳ፣ ሞተር ያስነሳ። ታላቁ ገጀራውን ሰገባው ውስጥ ከተተ።

«እሷስ?» አለ ታናሹ።

ሁሉም ወደ ባለ ወፍጮው ዞሩ።

«አዲስ ፑሊ ይሥሩልኝ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ እሷ እኔ በቆምኩበት ትቁም።»

ፑሊውን እኔና ወንድሜ ሠራነው። ቀዳሚ ሥራው ግን ቆጡን በመጥረቢያ ማፍረስ ነበር፤ የእናታችን ጊዜ ጥቀርሻ ላያችን ላይ ዘነበ። ፑሊውን ከውሃው ካወጣነው በኋላ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በየቀኑ በብዩ መታሁት፤ ጉድጓዱ በየቀኑ ጠበበ፣ ከዚያ መጥበቡን አቆመ። በመጨረሻ ወሰድነው።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያ ቦታ ይታወቃል። ግድግዳው አልተደፈነም፤ ወለሉ ላይ ዱቄት የጠጣው ጥቁር እድፍ አለ። እዚያ ቆምኩ። ፑሊው በወገቤ ትክክል ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በሩ ላይ ናቸው። ወንድሜ የሞተሩን ማስነሻ ማንዌላ ያዘ፤ ጫፉ የተቆረጠው ጣቱ ያለ ጥፍር ነው፣ ሮዝ። ከዋርካው ሥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። «ለካሽው?» አለ በሹክሹክታ።

«ለካሁት ወንድም ጋሼ።»

ጠመዘዘው። ሞተሩ ሳለ፣ ያዘ፣ ጮኸ። ቺንጋው ተወጠረና መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። የክብ ኳሶቹ ፎቶ ታየኝ፤ እየተገረፉ፣ እየተጎተቱ፣ ይዘው። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ፈለግኩ። ጆሮዬን ከሞተሩ ጩኸት ሥር አወረድኩት፣ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ።

ባለ ወፍጮው በአንድ እጁ ጆንያ እየጎተተ መጥቶ እግሬ ሥር ጣለው።

«በቆሎ ነው» አለ። «ፍቺው።»

ጎንበስ አልኩና ፈታሁት።